ከነገሌ ቦረና ወደ ትልቁ ከተማ
(ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በተዘጋጀው የመቀበያ ምሽት የተነበበ ንግግር)



በዛሬው ምሽት በዚህ አዳራሽ ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ማኅበሩ ስለ ፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የተሰጠን ርእስ «አዲስ ገቢ ተማሪ የትልቅ ከተማን ኑሮ እንዴት ይለምዳል?» የሚል ነው። በዚህ ርእስ ላይ መናገር የሚገባው ብዙ አገር ያየና ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ነበር። እኛ ከናንተ የምንቀድመው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ነገር ግን እሾህ የወጋው ሰው እሾሁ ያለበትን መንገድ አይረሳምና፣ የወጋን ቦታ ሳይድን ብንናገር ይሻላል ብለን ተቀበልን።

እኛ ስንል ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሜጋ፣ ከሞያሌ፣ ከፊልቱና ከዶሎ ኦዶ መጥተን በዚህ ግቢ የተገናኘን ጥቂት የደቡብ ቆላ ልጆች ማለታችን ነው። የምንናገረው የራሳችንን ነው፤ ሆኖም ከመተማ፣ ከጋምቤላ፣ ከአሳይታ ወይም ከጎዴ የመጣ ተማሪ የራሱን ታሪክ ሊያገኝበት ይችላል። የአዲስ አበባ ልጆችም ብትሰሙን አይጎዳችሁም፤ ነገ ከነገ ወዲያ በሌላ አገር፣ በሌላ ከተማ እናንተም አዲስ ገቢ መሆናችሁ አይቀርምና።

በመጀመሪያው ቀን የማደሪያ ጓደኞቻችን አገራችንን ጠየቁን። «ነገሌ» አልን። «አዎን፣ ሻሸመኔ አጠገብ ያለችው!» አሉን። ያቺ አርሲ ነገሌ ናት። የኛዋ ነገሌ ከሻሸመኔ ገና ብዙ ወርዶ፣ ወርቅ የሚወጣበትን የአዶላን አገር ክብረ መንግሥትን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ናት። ቦረናው፣ ጉጂው፣ ሶማሌው፣ አማራውና ጉራጌው በአንድ ገበያ የሚገበያይባት፣ የግመል ወተትና የፋብሪካ ጨርቅ ጎን ለጎን የሚሸጥባት ከተማ ናት። የታሪክ ተማሪዎች ስሟን ያውቁታል። በጥር 1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ በኩል ከተሸነፈ በኋላ ግራዚያኒ ያዛት። በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ የሠፈረው ጦር በምግቡና በውሃው ችግር ተማርሮ አዛዦቹን ያዘ፤ ይህም የአብዮቱ ዋዜማ ምልክት ሆኖ ተጻፈ። እንግዲህ ከተማችን በመጽሐፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ ትገኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በጦር ነው። ሦስተኛው ጊዜ በትምህርት እንዲሆን እንመኛለን። የመጣነውም ለዚሁ ነው።

ትልቅ ከተማ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ፎቁን ነው ይባላል። እኛ መጀመሪያ ያስተዋልነው ብርዱን ነው። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ የገናሌና የዳዋ ወንዞች የሚገናኙበት የዶሎ አገር ደግሞ 200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቤታችን የያዝነው ስስ ሽርጥና አንድ ሸሚዝ ስለ ነበረ፣ የኅዳር ሌሊት ጥርሳችንን ሲያንቀጫቅጨው በመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው ትምህርት «የወፍራም ጃኬት አስፈላጊነት» የሚል ነበረ ለማለት ይቻላል። ይህንን ትምህርት በመርካቶ የልባሽ ተራ በመጠነኛ ዋጋ ጨረስነው።

ሁለተኛው ትምህርት የታክሲ ነው። ከመካከላችን አንዱ ከቃሊቲ መናኸሪያ ወርዶ፣ ሻንጣውን ጭኖ፣ ረዳቱ «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ሲጣራ ሰምቶ ተሳፈረ። መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት እንደሚገባው አላወቀም። ኋላ ሌሎቹ ሲሉ ሰምቶ ቢያውቅም፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አፈረ። ስለዚህ ታክሲው የግቢውን በር እያየው አልፎ ሄደ፤ እርሱም ዝም አለ፤ መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ ወርዶ፣ ሻንጣውን በራሱ ላይ አድርጎ በእግሩ ተመለሰ። ይህን ሲነግረን ብዙ ሳቅን። ዛሬ ግን ስናስበው አያስቀንም። ከናንተ መካከል ስንቱ ነው መውረጃውን እያየ፣ አንድ ቃል ለመናገር ስላፈረ ብቻ አልፎ የሚሄደው? በዚህ ግቢ የሚጠፋ ተማሪ የሚጠፋው በአብዛኛው እንዲህ ነው። የዛሬው ንግግራችን ሁሉ በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ያረፈ ነው።

የቋንቋውን ነገር እናንሣ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ ከኛ መካከል አንዳንዱ በኦሮምኛ፣ አንዳንዱ በሶማልኛ ፊደል ቆጥሯል። አማርኛውን በትምህርት ሰዓት ጥቂት፣ ከገበያና ከጦር ሠፈር ልጆች ጋር ኳስ ስንጫወት ደግሞ ብዙ ለምደናል። ከኳስ ሜዳ የተለመደ አማርኛ «አንተ»ን እንጂ «እርስዎ»ን አያስተምርም። ስለዚህ አንዱ ጓደኛችን በመጀመሪያው ሳምንት አንድን ሽማግሌ መምህር በፍጹም ቅንነት «አንተ» ብሎ ሲጠይቃቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ደግ ሰው ስለ ነበሩ ጥያቄውን መለሱለት፤ እርሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ክፍል እጁን አላነሣም። ይህ ሁሉ ሲሆን ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ለእናታችን በአንድ ቋንቋ፣ ለታክሲው በሌላ ቋንቋ፣ ለመምህሩ በሦስተኛ ቋንቋ መልስ እንሰጣለን፤ ማታ ስንተኛ ምላሳችን እንደ ጫማችን ይደክማል።

በዚህ አጋጣሚ ለክቡራን መምህራኖቻችን በትሕትና አንድ ቃል ብናቀርብ ይቅር እንደምትሉን ተስፋ እናደርጋለን። በኛ አገር ልጅ በሽማግሌ ፊት ቀድሞ አይናገርም፤ ዝምታው የአስተዳደጉ ምልክት ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዝም የሚለውን ተማሪ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት፣ አንድ ቀን ከክፍል ውጭ ጠርታችሁ ብታነጋግሩት ምናልባት ሌላ ሰው ታገኙ ይሆናል። እኛም በበኩላችን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥያቄ መጠየቅ ብልግና እንዳልሆነ ለመማር ቃል እንገባለን። «መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል» ያሉት የኛው አባቶች ናቸውና።

ወገኖቻችን፣ ይህ መከራ በኛ አልተጀመረም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች እንዲሁ እንግዳ ነበሩ። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በነጻ የትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች በዚችው ከተማ ተቀመጡ። እነርሱም እንጀራውን፣ ብርዱንና አማርኛውን እንደኛው ሳይለምዱ መጡ። ነገር ግን እንግድነታቸው ዝም አላሰኛቸውም። የአገራቸውን የነጻነት ትግልና የተማሪዎች ማኅበር ልማድ ይዘው መጥተው፣ ባለአገሮቹ ተማሪዎች ስለ አፍሪካና ስለ ራሳቸው አገር አዲስ ጥያቄ እንዲጠይቁ አደረጉ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጣምረው በስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ይህ መንፈስ አብሮ ገባ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ የከተማው ተማሪ ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስተምር ተላከ። በዚያን ጊዜ ውሃው የት እንደሚቀዳ፣ ሰላምታው እንዴት እንደሚሰጥ የሚጠይቀው የከተማው ልጅ ሆነ። እንግድነት ማለት ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ተራ ነው እንጂ የአንድ ወገን ውርደት አይደለም።

ዛሬም የዚህ ምሳሌ አለን። የሞያሌ ከተማ ግማሽዋ በኢትዮጵያ፣ ግማሽዋ በኬንያ ነው። ከሞያሌ አዲስ አበባና ከሞያሌ ናይሮቢ ርቀታቸው እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 800 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ከወንድማማቾች አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ሄዶ ይማራል። ናይሮቢ የሚማር አንድ አብሮ አደጋችን በስልክ ሲያጫውተን የርሱ ታሪክ ከኛ ታሪክ ጋር አንድ ሆኖ አገኘነው። በእንጀራ ፈንታ ኡጋሊ፣ በታክሲ ፈንታ ማታቱ፣ በአማርኛ ፈንታ ስዋሂሊ ነው። በሕግ በኩል ግን እርሱ በውጭ አገር ነው፤ የተማሪ ፈቃዱን ማሳደስ አለበት፤ መታወቂያውን ሳይዝ ከቤት አይወጣም። «ታዲያ እንዴት ለመድከው?» ብንለው፣ «ኢስሊ ውስጥ ከኔ በፊት የመጡ ነበሩ፤ እነርሱ ለመዱልኝ» አለን። ይህን መልስ ልብ በሉት።

አሁን ደስ የማይለውን ነገር እንናገር። ይህንን ለመናገር ተመካክረን ነው የመጣነው።

እኛ ስንገባ አንድ ጓደኛ አብሮን ገብቶ ነበር። ስሙን አንጠራም፤ ከኛ ሁሉ በሒሳብ የሚበልጥ ልጅ ነበረ። አባቱ ከብት አርቢ ናቸው። እንደምታውቁት በቦረና ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚጠበቀው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከብት ሲከሳ ዋጋው ይወድቃል፤ በዚያው ጊዜ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ አርቢው ከሁለቱም በኩል ይጨመቃል። ዝናቡ ቢመለስም መንጋው አብሮ አይመለስም፤ ላም በዓመት ከአንድ ጥጃ በላይ ስለማትወልድ የጠፋውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል። የጓደኛችን አባት ከነበራቸው ከብት የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነበረ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከተረፈው አንዱን ሸጠው የመንገድ ሰጡት።

ጓደኛችን ከምግብ አዳራሽ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ዝም ይል ነበር። ጃኬት አልገዛም፤ ብንጠይቀው «አይበርደኝም» አለ። የሚባዙ ጽሑፎችን ከሰው ተውሶ ሌሊት በእጁ ይገለብጥ ነበር። ስልኩ ሲጠራ ወጥቶ ያነጋግራል፤ ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ይህን ሁሉ አየን። እርሱ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። «የሰው ገመና ነው» ብለን ተውነው። የመጀመሪያው ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን ከክፍል ስንመለስ ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ የተዋሳቸው ደብተሮች በየባለቤቱ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘን።

ከጊዜ በኋላ በስልክ አገኘነው። ሞያሌ ውስጥ ሸቀጥ ሲያወርድና ሲጭን ነበር። «ቤቴ ሰው ሳይበላ እኔ በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ከበደኝ» አለን። «ለምን አልነገርከንም?» አልነው። «እናንተም ያላችሁ አልመሰለኝም» አለ።

እውነት ነው፤ ብዙ አልነበረንም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረን። ትምህርቱን ለማቋረጥ የተገደደ ተማሪ ወደ ሬጅስትራር ሄዶ ቅጽ ሞልቶ ቢወጣ፣ ሲመለስ ቦታው የመገኘት ዕድል እንዳለው፤ ሳይናገር የጠፋ ግን መመለሻው እንደሚጠብበት ከበላዮቻችን ተማሪዎች ሰምተን ነበር። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለመናገርም አምስት ደቂቃ ይበቃል። እኛ አወቅነው፤ እርሱ አላወቀውም። ያ ጓደኛችን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ድህነቱ የኛ ጥፋት አይደለም፤ ዝምታው ግን የርሱ ብቻ አልነበረም፤ የኛም ነበረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛ ደግሞ በሽታውን አይቶ እንዳላየ የሆነ ጓደኛም ከጥፋቱ አያመልጥም እንላለን።

ከዚያ በኋላ ለራሳችን አንድ ጥያቄ አቀረብን። እኛ የማን ልጆች ነን? በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋልን?

በቦረና እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ኤላ ይባላል። ውሃውን አንድ ሰው ብቻውን ሊያወጣው አይችልም። ጐልማሶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ከታች የቆመው ሰው ከብቶቹን አያያቸውም፤ ከላይ ያለውም ውሃውን አያየውም፤ ነገር ግን አንዱ እጁን ቢሰበስብ ከብቱ ሁሉ ይጠማል። ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ በርሱ ይታወቃል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ጥልቅ ጉድጓድ ነው ብንል ስሕተት አይመስለንም። ውሃ አለበት፤ ግን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚወጣው።

ሌላም ልማድ አለን፤ ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ከብቱ በድርቅ ወይም በበሽታ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሣው ሄዶ ይናገራል፤ ጎሣውም ተመካክሮ ከየመንጋው አውጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። የሚሰጠው ምጽዋት አይባልም፤ መብቱ ነው። የሚቀበለውም አያፍርም፤ ትናንት እርሱ ለሌላው ሰጥቷልና፣ ነገም ይሰጣልና። የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ይህንኑ ስም ወስዶ የመረዳጃ ተቋም እስከ ማቋቋም ደርሷል። ታዲያ አባቶቻችን ከብት ሲያልቅበት ለሰው የሚያደርጉትን፣ እኛ የተማርን ነን ባዮች ተስፋ ሲያልቅበት ለጓደኛችን አላደረግንም። ትምህርት ከዚህ የሚያሳንሰን ከሆነ በነገሌ ገበያ ብንቀር ይሻለን ነበር።

ደግሞም ይህ የገጠር ልማድ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባን ራስዋን የሠሯት አዲስ ገቢዎች ናቸው። ዕድሩና ዕቁቡ ምንድን ነው? ዘመድ በሌለበት ከተማ ዘመድ ለመፍጠር የተደረገ ዘዴ ነው። ከጉራጌ አገር መጥተው በመርካቶ የነገዱ ሰዎች በ1950ዎቹ ተሰባስበው ገንዘብ እያዋጡ ለትውልድ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተረጂ ሆኖ የመጣ እንግዳ ረጂ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ከዚህ ቀጥለን ለአዲስ ገቢዎች ጥቂት ምክር እንሰጣለን፤ ሁሉንም በራሳችን ገንዘብና በራሳችን እፍረት የገዛነው ነው።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰዎችን ዕወቁ፤ የክፍል ተጠሪያችሁን፣ አማካሪ መምህራችሁንና በማደሪያው ከናንተ በፊት የቆየ አንድ ተማሪ። ሦስት ቦታዎችንም ዕወቁ፤ ሬጅስትራሩን፣ ክሊኒኩንና ቤተ መጻሕፍቱን። የግቢውን ደንብ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። ደንቡን የማያውቅ ተማሪ ተራውን እንደማያውቅ ከብት ነጂ ነው፤ ሲጠማው ይውላል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ሲደርሳችሁ ለአራት ሳምንት ከፍላችሁ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ወር ከጃኬትና ከደብተር በቀር ምንም አትግዙ። ከተማው የሚያሳያችሁን ሁሉ ለናንተ ያሳየ አይምሰላችሁ፤ ለሁሉም ነው የሚያሳየው።

ሦስተኛ፣ መንገድ ስትጠይቁ የዛሬውን ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ብዙ ቤት ፈርሶ ብዙ መንገድ ስለ ተሠራ፣ ዱሮ የተማረ አጎታችሁ «ከሱቁ አጠገብ ታጠፍ» ያላችሁ ሱቅ ላይኖር ይችላል። እንዲሁም በትምህርት በኩል የትናንት ምሪት ሁልጊዜ ለዛሬ አይሠራም፤ የምንነግራችሁንም መርምራችሁ ተቀበሉት።

አራተኛ፣ ለማጥናት ስትሰባሰቡ ቋንቋችሁን የማይናገር አንድ ጓደኛ ጨምሩ። እናንተ ሒሳቡን ብታሳዩት እርሱ እንግሊዝኛውን ያቃናላችኋል። ለፈተና ብለው ሌሊቱን በጫት የሚያነጉትን አትከተሉ፤ ያን መንገድ የሞከሩ ጓደኞቻችን በፈተናው ጧት ምን እንደ ሆኑ አይተናል።

አምስተኛ፣ ወደ ቤት ደውሉ፤ ስትደውሉም እውነቱን ተናገሩ። «ደህና ነኝ» እያሉ ብቻ የሚደውሉ ልጆች እናታቸውን አያታልሉም፤ ድምፅ ታውቃለችና።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላልና፣ አዲስ ገቢ መጀመሪያ ወደ አገሩ ልጅ መጠጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአገሩ ልጅ ጋር ብቻ በልቶ፣ ከአገሩ ልጅ ጋር ብቻ አጥንቶ፣ የአገሩን ልጅ ብቻ አምኖ አራት ዓመት የሚጨርስ ተማሪ ከነገሌ አልወጣም፤ ነገሌን ተሸክሞ መጥቶ በሯን ዘግቶ ተቀምጧል። የአገር ልጅ በር ነው እንጂ ግድግዳ መሆን የለበትም። በሌላ ወገን ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ አነጋገሩን ለውጦ፣ አገሩን ሲጠየቅ «ወደ ሻሸመኔ ግድም ነው» የሚል አለ። እርሱም ያው አፋር ነው፤ እፍረቱ አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ እንጂ አልተለወጠም። ከተማን ለመደ የምንለው አገሩን ሳይደብቅ የሰውን አገር የተማረውን ነው።

በመጨረሻ ሐሳባችንን በሥራ እናሳይ። ጓደኛችን ከሄደ በኋላ ከደቡብ ቆላ የመጣን ተማሪዎች በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር እያዋጣን አንድ ትንሽ ሣጥን አቁመናል። እስካሁን ለሁለት ጃኬት፣ ለአንድ መነጽርና ለአባቱ ቀብር ለሄደ አንድ ጓደኛ የመንገድ ወጪ በቅታለች። ስምዋ ቡሳ ጎኖፋ ነው፤ የወሰደ ሰው አይመዘገብም፤ ሲችል ይመልሳል፤ ካልቻለ ለሚከተለው ይሰጣል። ይህች ሣጥን የአንድ አገር ልጆች ብቻ ሆና እንድትቀር አንፈልግም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለተማሪዎች ማኅበር ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ ሣጥኒቱን ተረክቦ ለሁሉም ተማሪ ያድርጋት። ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያለ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አዲስ ገቢ ይውሰድ፤ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት እስኪወጣ ድረስ ስሙን፣ ማደሪያውንና ሁኔታውን ይወቅ። አበል አንጠይቅም፤ ስብሰባም አይበዛበትም። በሳምንት አንድ ጊዜ «እንዴት ነህ?» ብሎ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ብቻ ነው።

አዲስ ገቢዎች ሆይ፣ ከናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መውረጃችሁ ሲደርስ ተናገሩ። ቢከፋችሁ፣ ቢርባችሁ፣ ትምህርቱ ባይገባችሁ፣ ከቤት ክፉ ወሬ ቢመጣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ወራጅ አለ» በሉ። ሾፌሩ ባይሰማ ከጎናችሁ የተቀመጠው ይሰማል፤ እርሱም ባይሰማ እኛ ከኋላ ወንበር አለን።

የዚያ ጓደኛችን አልጋ ዘንድሮ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ልጁ ከያቤሎ የመጣ ነው፤ ዛሬ ማታ እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል። ጃኬት አለው። ባለፈው ሰኞ ስለ መመዝገቢያው ሦስት ጊዜ ጠይቆናል፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ሰልችቶን ነበር፤ ኋላ ግን ትዝ ሲለን ደስ አለን።

ስም የሚመዘገብበት ወረቀት በበሩ አጠገብ በጠረጴዛው ላይ አለ። ስትወጡ አትለፉት።